ስድስት ቀን ያቆመችን ፊርማ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት በጉምሩክ አስተላላፊነት ነው፤ ትራንዚተር በምትሉት ሥራ። ሰነድ ሳዘጋጅ፣ ዕቃ ሳስወጣ፣ ድንበር ላይ ከቆመ ሹፌር ጋር በስልክ ሳመሽ ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶች ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የኢኮኖሚ ውህደት ሲከራከሩ አዳመጥኩ። ግማሾቹ “በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ገበያ እንሆናለን” አሉ። ግማሾቹ “መሪዎች ይፈርማሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ፣ አለቀ” አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ መሪዎች ብቻ ነበር። ስለ ራሱ ያወራ አንድም ልጅ አልነበረም። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቦሎቄ የጫነ መኪና ወደ ኬንያ ልከን ሞያሌ ላይ ቆመብን። ዕቃው ንጹሕ ነው። ደረሰኙ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ያስቆመን ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጅኑ፣ ማለትም ዕቃው የየት አገር ምርት እንደሆነ የሚያረጋግጠው ወረቀት ነበር። እዚህ የፈረመው ሰው አዲስ ነው። ፈራሚ ሲቀየር የፊርማው ናሙና ለሌሎቹ አገሮች መላክ አለበት። የእሱ አልተላከም፤ ወይም ተልኮ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ማዶ ያለው ኦፊሰር ፋይሉን ገለጠ፣ ፊርማውን ፈለገ፣ አጣው፣ ወረቀቱን መለሰ። ልክ ነበር። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እመልሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ራሴ ሄድኩ። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ነው የሚያድረው። በአራተኛው ቀን ሌሊት ዘነበ። ሸራው አንድ ጥግ ላይ ተቀዶ ኖሯል፣ ውሃ ገባበት። ጠዋት ላዩ ላይ ያለውን ጆንያ ፈትቼ እጄን ስከት ፍሬው አብጦ፣ ልጣጩ እየተላጠ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። በስድስተኛው ቀን ወረቀቱ ተስተካክሎ መኪናው አለፈ። ገዢው ግን ዋጋ ቀነሰ። በዚያ ሳምንት ሁለቱ መንግሥታት ምንም ጠብ አልነበራቸውም። የንግድ ስምምነቱም በሥራ ላይ ነበር። የጎደለችው አንዲት ፊርማ ናት።

ይህን የምነግራችሁ ፖለቲካው ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ፖለቲካው ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ጎረቤቶቻችን አይተውታል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ሲመሠርቱ ብዙ ነገር በጋራ ነበራቸው። አንድ አየር መንገድ፣ አንድ የባቡር ድርጅት፣ አንድ ፖስታና ቴሌኮም። ዛሬ በስብሰባ የምንመኘው ነገር ያኔ በእጃቸው ነበር። በ1971 ኡጋንዳ ውስጥ ኢዲ አሚን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀርብም አሉ። ትልቁን ውሳኔ የሚሰጠው ደግሞ የሦስቱ መሪዎች ጉባኤ ነበር። ጉባኤው ሳይሰበሰብ ዓመታት አለፉ።

ነገር ግን ሁሉንም በአሚን ላይ መጣል ቀላል መንገድ ይመስለኛል። ከሥር ሌላ ቁስል ነበር። ፋብሪካው የሚከማቸው ኬንያ ውስጥ ነው። ዳሬሰላምና ካምፓላ “እኛ ገበያ ብቻ ሆንን” ብለው ያጉረመርሙ ነበር። ችግሩን ለማቃለል ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ የበለጠ እንዲያበድር ታስቦ የልማት ባንክ ተቋቋመ፤ አልበቃም። ዕቁብ ገብታችሁ ዕጣው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ሲወጣ አስቡት። ዳኛው የቱንም ያህል ቢለምን ያ ዕቁብ ይፈርሳል። በ1977 ፈረሰ። አየር መንገዱ ተበተነ። ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች፤ እስከ 1983 አልተከፈተም። ንብረቱን ለመካፈል የተስማሙት በ1984 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በክፍፍል ተጨቃጨቁ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ ፍርስራሽ የተረፈው ነው። ባንኩ ተረፈ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ምክር ቤትም ተረፈ። ምክንያቱን ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ያስረዳ ይሆናል። እኔ የሚታየኝ በየቀኑ አብረው የሚሠሩ ባለሙያዎች እንደነበሯቸው ነው። መሪዎች ሲኳረፉ የሚደዋወል ሰው ነበር።

ማኅበረሰቡ በ1999 ስምምነት ተፈርሞለት በ2000 እንደገና ቆመ። የጉምሩክ ኅብረቱ በ2005፣ የጋራ ገበያው በ2010 ሥራ ጀመረ። አሁን ሶማሊያን ጨምሮ ስምንት አባላት አሉት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ በየካቲት 2019 ሩዋንዳ ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኛትን የጋቱና ድንበር ዘጋች። ሁለቱም የአንድ የጋራ ገበያ አባል ናቸው! የተከፈተው በጥር 2022 መጨረሻ ነው። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ድንበር ቲማቲምና ወተት ሸጣ ልጅ የምታሳድግ ሴት እነዚያን ዓመታት እንዴት አሳለፈቻቸው? ስለ ውህደት ስታጠኑ መጀመሪያ እሷን አስቧት። የኮንቴይነሩ ባለቤት ጠበቃ አለው።

ወደ እኛ ልምጣ። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ግን የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ በሚባለው ኮሜሳ ውስጥ አለች፣ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የልማት ድርጅት በሆነው ኢጋድ ውስጥ አለች፣ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነትንም በ2019 አጽድቃለች። ለዓመታት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪ ገቢ ንግዳችን ያለፈው በጅቡቲ ነው። እንደ እኛ ያለ ባሕር በር የሌለው አገር ለጎረቤቱ ደንታ የለኝም ማለት አይችልም። በ2020 መጨረሻ ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ ተመረቀ፤ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ቅጥር እንዲሠሩ ነው የተሠራው። ከ2022 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ በተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን መስመር ኤሌክትሪክ እንሸጣለን። ያ ሽቦ ለእኔ ከብዙ መግለጫ ይበልጣል። መብራቱ ሲቋረጥ ሁለታችንም እናውቀዋለንና፣ ሁለታችንም ለመጠገን እንሮጣለን።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን ልንገራችሁ። ስዋሂሊ ተማሩ። በእንግሊዝኛ ሥራ ይሠራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ማዶ ያለው ሹፌር፣ ጫኝ፣ ጥበቃ፣ ነጋዴ በስዋሂሊ ነው የሚያወራው። “ሀባሪ” ብለህ ሰላም ስትለው ፊቱ ይፈታል። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወረቀት አትናቁ። ስንት ጎበዝ ልጅ አየሁ፣ ስለ ታሪፍ ቅነሳ ሁለት ሰዓት ያወራል፣ የዕቃ መነሻ ደንብ ግን አንብቦ አያውቅም። አንድ ሸሚዝ “የአፍሪካ ነው” የሚባለው ጨርቁ ከየት ሲመጣ ነው? ክሩስ? የነፃ ንግዱ ግማሽ ድርድር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሱን የሚያውቅ ልጅ ከፈለገ ሚኒስቴር፣ ከፈለገ ላኪ ድርጅት ውስጥ ተፈላጊ ነው።

ሥልጣን ላይ ስትደርሱ ደግሞ፣ ከመካከላችሁ የሚደርስ አለ፣ በእያንዳንዱ ስምምነት ላይ “ማን ይጎዳል?” ብላችሁ ጠይቁ። እኛ የምንጎዳ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። ጎረቤት የሚጎዳ ከሆነም ተናገሩ፤ ይሄኛው ይከብዳል። ከስብሰባው ስትወጡ “ለማን ነው የምትሠራው?” የሚላችሁ አይጠፋም። ለአገራችሁ ነው። ናይሮቢና ዳሬሰላም ያኔ “ማን ይጎዳል?” የሚለውን ጥያቄ በጊዜ መልሰውት ቢሆን ኖሮ አውሮፕላን መካፈል ላይ ባልደረሱ።

ያ ማዶ ወረቀቱን የመለሰልኝ ኦፊሰር ከዚያ በኋላ ወዳጄ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ሻይ ጋበዘኝና ስልክ ተለዋወጥን። ከዚያ ወዲህ እዚህ ፈራሚ በተቀየረ ቁጥር፣ ሥራዬ ባይሆንም፣ ናሙናው መላኩን ደውዬ አጣራ ነበር። ደርሶት እንደሆነ ደግሞ እሱን እጠይቀው ነበር። ጡረታ ስወጣ ቁጥሩን በእኔ ቦታ ለገባችው ልጅ ሰጠኋት።