ዝንጉርጉሯ የእሳት እራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ማሾ ስናርም ከእግራችን ስር ብር እያሉ የሚነሱ ነጫጭ ነገሮች አሉ። ክንፋቸው ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ቢራቢሮ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፣ የእሳት እራት ናቸው። ሳይንሳዊ ስሟ ዩቴቴይሳ ፑልኬላ ነው። ስታርፍ ተመልከቷት፤ ክንፏን እንደ ጋቢ ትጠቀልላለች። አንቴናዋ ክር ነው፤ የቢራቢሮ ግን ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ያብጣል። ፈረንጆች ይህን ወገን በነብር ስም ይጠሩታል። የነሱ ነብር ግን ባለ መስመር ነው፣ ለዚህችስ የኛው ዝንጉርጉሩ ይስማማታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መድኃኒት እንርጭ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ክንፍ ያወጣችው ትልቋ የአበባ ወለላ ነው የምትቀምሰው። አባጨጓሬዋ የምትወደው አረም ነው፤ በተለይ ያቺን ነጭ አበባዋ እንደ ጊንጥ ጭራ የሚጠቀለለውን። የማሾው ፍሬ ተበስቶ ካያችሁ የጓይ ትልን ጠርጥሩ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ እንዲህ ደምቃ ወፍ እንዴት ይተዋታል?

መልስ፦ ድምቀቷ ማስጠንቀቂያ ነው። አባጨጓሬዋ ከአረሙ መርዝ ትወስዳለች፤ ክንፍ ካወጣችም በኋላ መርዙ ከሰውነቷ አይጠፋም። አሜሪካ ያለች ዘመዷ ላይ የታየው ደግሞ ይገርማል። ሸረሪት ድሯ ላይ ስታገኛት ድሩን በጥሳ ትለቃታለች! ወንዱም ሲገናኛት ከመርዙ ያካፍላታል፣ እሷ ለእንቁላሎቿ ታስተላልፋለች። ጥሎሽ በሉት።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። እድገቷን ቤት ውስጥ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። አባጨጓሬዋ ጠቆር ያለች ጸጉራም ናት፤ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር፣ ጎን ለጎኑ ብርቱካንማ ምልክት አላት። በእጅህ አትንካት፣ ጸጉሯ ሊያሳክክህ ይችላል። ከነቅጠሏ ቆርጠህ ብልቃጥ ውስጥ አግባት፣ አፉን በሻሽ ሸፍን። ታች ትንሽ አፈርና የረገፈ ቅጠል ጣል አድርግ። በየቀኑ ያንኑ ያገኘህባትን ቅጠል ትኩሱን ስጣት። ጎመን እሰጣታለሁ ካልክ በረሃብ ትገድላታለህ። ቆዳዋን ደጋግማ ከቀየረች በኋላ ቅጠሉ መሃል ስስ ድር ሠርታ ፑፓ ትሆናለች፤ ማለትም ክንፍ እስክታወጣ ሳትበላ የምትቆይበት ደረጃ ነው። ያኔ ብልቃጡን አትነቅንቅ። ቀኑን በሙቀቱ ቁጠር፤ ሸዋ ሮቢት ቶሎ የሚያልቀው ደብረ ብርሃን ይጓተታል።

ጥያቄ፦ የእሳት እራት ከሆነች ለምን ቀን ትበራለች?

መልስ፦ ስሙ አሳስቷችሁ ነው። ቀን ከሣሩ ስትቀሰቅሷት ትበራለች። ማታ ደግሞ የበረንዳውን አምፑል አብሩና ጠብቋት።