ሳይወድቅ የተሰነጠቀ ጀሪካን

አንድ የባሕር ዳር አንባቢ ችግሩን እንዲህ ጽፎልኛል። የጉዞ ማኅበር እየያዘ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ይሻገራል። አንዳንዴም ድንኳን ተክለው እዚያው ያድራሉ። ለውሃ ብሎ ሦስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ገዝቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላቸው ሁለቱ ከታችኛው ማዕዘን ማፍሰስ ጀመሩ። አልወደቁም፣ አልተመቱም። አንዱን መንገድ ዳር የሚጠግን ሰው በጋለ ብረት አቅልጦ ለጥፎለት፣ ላዩን ማጣበቂያ ቀብቶለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ መልሶ አፈሰሰ። ሦስተኛው አያፈስም፤ ግን ውሃው ይሸታል። «ከጉዞ ስመለስ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳድራቸዋለሁ፤ ከዚያ በረንዳ ላይ እደረድራቸዋለሁ። ውሃ ስለሚጠፋ ሞልቼ ነው የማስቀምጣቸው። አሁን ወፍራሙን ልግዛ? ወይስ ሌላ ዓይነት ይሻላል?» ይላል።

ወንድሜ፣ እኔን የያዘኝ «ዘፍዝፌ አሳድራቸዋለሁ» ያልካት ነገር ናት። ጀሪካኖችህን የጨረሳቸው ሳሙናው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጀልባውም ጉዞውም አይደለም።

ግምቴን ራስህ አረጋግጥ። ጀሪካኑን ገልብጥና ስንጥቁን በደንብ ብርሃን እየው። ወድቆ የተሰነጠቀ ከሆነ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ታያለህ፤ ዳርና ዳሩም ተስቦ ነጣ ይላል። የሳሙና ስንጥቅ ግን ፀጉር ያህል ቀጭን ነው። ዳሩ አልተሳበም። አጠገቡም ገና ያልበሱ ትንንሽ ስንጥቆች ይኖራሉ። ቀጥለህ የጀሪካኑን ጎን በጥቁር ጨርቅ እሸው። ጨርቁ ላይ ዱቄት የሚመስል ነገር ከቀረ ፀሐይም ጎድቶታል ማለት ነው። ያንተ ሁለቱም ሳይኖርበት አይቀርም።

ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ ሰው ሲነገረው ቶሎ አያምንምና። ጀሪካኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊኤትሊን ይባላል። በጣም ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ ጥጥ ፈትል እርስ በርስ ተጠላልፈው ነው የሚይዙት። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ መጠላለፍ ነው። አሁን አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ተወጥሮ ቆየ እንበል። ሙሉው ጀሪካን ላይ ሌላ ሙሉ ተጭኖበታል፤ ወይም ማዕዘኑ ጠጠር ላይ አርፏል። ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ አንዱ ከሌላው እየሾለኩ ይላቀቃሉ። ውስጡ ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ ይህ ረጅም ዓመት ይፈጃል። ሳሙና ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሳሙና ፕላስቲኩን አያቀልጠውም፣ አይበላውም። ያልተወጠረ ፕላስቲክ ላይ ቢቀመጥ ምንም አያደርገውም። የተወጠረች ቦታ ሲያገኝ ግን በጥቃቅን ክፍተቶቿ ይገባና ሰንሰለቶቹ በቀላሉ እንዲሾልኩ ያደርጋል። ዓመታት ይፈጅ የነበረው በወራት ያልቃል።

ፕላስቲክ አምራቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የሚፈትኑበት መንገድም አላቸው። ከፕላስቲኩ ቁራጭ ይወስዱና በምላጭ ይጭሩታል። ከዚያ አጥፈው ይይዙትና 50 ዲግሪ በሞቀ የሳሙና ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ይነክሩታል። ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሚሰነጠቅ ይቆጥራሉ። ደካማው በሰዓታት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ጥሩው ብዙ ቀን ይቆያል። አንተም በረንዳህ ላይ ሳታውቀው ይህንኑ ፈተና ነው ያደረግክባቸው። ሳሙና አለ፤ ሙቀት አለ፤ ተደርድረው ስለሚቀመጡ ውጥረትም አለ።

ለምን ከታችኛው ማዕዘን? ጀሪካን ሲሠራ የሞቀ የፕላስቲክ ቱቦ በሁለት የብረት ቅርጽ መሀል ይያዝና በአየር ይነፋል። ፕላስቲኩ ማዕዘን ለመድረስ ብዙ ስለሚለጠጥ እዚያ ላይ ይሳሳል። ከሥሩ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች የገጠሙበት መስመር አለ። መስመሩና ማዕዘኑ የሚገናኙበት ቦታ የጀሪካኑ ደካማ ጎን ነው። ስለዚህ «ወፍራም ነው» ብሎ የሚሸጥልህን ሰው ጎኑን ሳይሆን ማዕዘኑን አሳየኝ በለው። ባዶውን ወደ ፀሐይ አንሳና ተመልከት። ማዕዘኑ ላይ ብርሃን ከሌላው ቦታ ይበልጥ ካለፈ ተወው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ርካሽ ጀሪካን ጎኑ ደህና ይመስላል፤ ማዕዘኑ ግን በአውራ ጣት ስትጫነው ይጎደጉዳል። ሰው ገንዘቡን ለዚህ መክፈሉ ያናድደኛል።

ስለ ጥገናው አጭር ነገር ልበል። ማጣበቂያ ፖሊኤትሊን ላይ አይይዝም። የትኛውም ሱፐር ግሉ፣ የትኛውም ሲልኮን አይይዝም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ያንተው ጠጋኝ በጋለ ብረት መጀመሩ ልክ ነበር። ግን ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ፕላስቲኩን ካጠቆረው፣ የጠቆረው ራሱ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ሳሙናና ቆሻሻም እንዳይዋሃድ ያደርገዋል። ጎኑ ላይ ያለ የመውደቅ ስንጥቅ ከሆነ መበየድ ይቻላል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳው፤ ከዚያ አይቀጥልም። ከሌላ አሮጌ ጀሪካን ቀጭን ቁራጭ ቁረጥና ሁለቱንም አብረህ እያቀለጥክ ሙላው። የማዕዘን የሳሙና ስንጥቅ ግን አይጠገንም፤ ከጎኑ ሌላው ይከፈታል። ሁለቱን አፍሳሾች አንገታቸውን ቁረጥና ችግኝ አፍላባቸው።

እዚህ ላይ አደራዬን ስማ። ቀድሞ ምን እንደነበረበት የማታውቀውን ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ አትጠቀም። እሳት ወይም የጋለ ብረትም አታስጠጋው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበት ከሆነ ደርቆ ባዶ ቢመስልም ውስጡ ያለው ትነት ይቀጣጠላል፤ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስተኛው ጀሪካንህ ለምን እንደሚሸት ከሩቅ ሆኜ አላውቅም፤ መለየት ግን ቀላል ነው። ሁለት ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ጨምርበት፤ ክደነውና አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁመው። ከዚያ ክዳኑን ከፍተህ ወዲያው አሽትት። የሻጋታ ወይም የኩሬ ሽታ ከሆነ ይጸዳል። እጀታው ውስጡ ክፍት ነው፤ ውሃ እዚያ ተኝቶ ይቀራል፤ ብሩሽም አይደርስበትም። አንድ እፍኝ ያልበሰለ የፎገራ ሩዝ ከትንሽ ውሃ ጋር ክተትና እየገለባበጥክ በደንብ ናጠው። ሩዙ እጀታው ውስጥ ገብቶ ይፈትገዋል። የክዳኑን የጎማ ቀለበት አውጥተህ ከሥሩ እጠበው፤ ብዙ ጊዜ ሽታው ያለው እዚያ ነው። የቆየ ዘይት ሽታ ከሆነ ደግሞ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው። አይጎዳም፤ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ይለቃል። ታጥቦ አልኩ እንጂ ተዘፍዝፎ አላልኩም። አረፋው እስኪጠፋ ወዲያው አለቅልቀው።

የነዳጅ፣ የቀለም ወይም የመድኃኒት ሽታ ከሆነ ግን ማጠቡን ተወው። ፕላስቲኩ እነዚህን ነገሮች ወደ ውስጡ ይመጥጣቸዋል፤ ከዚያ ትንሽ በትንሽ ወደ ውሃው ይመልሳል። በሳሙናም በበረኪናም አይወጣም። በሐይቁ ዙሪያ ሽንኩርትና ጫት የሚረጭበት መድኃኒት ባዶ ዕቃው ታጥቦ ውሃ ሲቀዳበት ብዙ አይቻለሁ። የጸረ ተባይና የጸረ አረም ዕቃ ሽታው ጠፍቶም መርዙ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሽታ የለውም ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ከሆነ አትጠጣበት። ለሌላ ሰውም አትስጥ፤ ቀደህ ጣለው።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ለጉዞ ባለ 20 ሊትሩን ትተህ ባለ 10 ሊትር እንድትገዛ እመክርሃለሁ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ከጀልባ ወደ ዘጌ ወደብ ሲያቀብሉት ከእጅ የሚያመልጠው እሱ ነው። ባለ 10ሩን ማንም ያነሳዋል። አንዱ ቢያፈስም ውሃው ሁሉ አይሄድብህም። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ቁጥር ያለበትን ፈልግ፤ ለጀሪካን የሚሆነው ጠንካራው ፖሊኤትሊን ነው። ምልክቱ የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ እንጂ ምን እንደነበረበት አይነግርህም፤ ስለዚህ አዲስ ግዛ። ታጣፊው የውሃ ከረጢት ሲታይ ደስ ይላል። ግን የሚታጠፍበት ማዕዘን ቶሎ ይበሳል፤ ለመጠባበቂያ ካልሆነ አልወደውም።

ጀልባ ላይ ጀሪካኖቹን መሀል ላይ፣ ታች፣ ጣውላ ወይም ሰሌን አንጥፈህ አቁማቸው። የጀልባው ወለል ላይ ያለ አንድ የብሎን ጭንቅላት ማዕዘኑን ሲፈትግ ውሎ ይበሳዋል። በገመድ እሰራቸው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ 60 ኪሎ ውሃ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ለጀልባውም ለሰውም ጥሩ አይደለም። ለመጠጥ በሰው በቀን 3 ሊትር ያዝ፤ ምግብ የምታበስሉ ከሆነ 5 አድርገው።

ለቤት ደግሞ ሌላ ዕቃ ነው የሚያስፈልግህ። አፉ ጠባብ ወይም ክዳኑ የሚገጥም፣ ከሥሩ ሩቢኔት ያለው ይሁን። ኩባያ የሚጠለቅበት ባልዲ ውስጥ ንጹህ ውሃ ንጹህ ሆኖ አይቆይም። ሩቢኔት ራስህ መግጠም ትችላለህ። ቀዳዳውን በጋለ ምስማር አትብሳ። ይህን ሠርተው የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ፤ ቀዳዳው ክብ አይሆንም፣ ዳሩም ያብጣል፣ ጎማው አይገጥምም። በድሪል ብሳው፤ ከሥሩ አራት ጣት ከፍ አድርገህ፣ ጠፍጣፋው ጎን ላይ። ከውስጥም ከውጭም የጎማ ቀለበት አድርግ። ዳዶውን በእጅህ እስከሚሄድ አጥብቀው፤ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር። ከሩቢኔቱ ጋር የሚመጣው ርካሽ ጎማ ድርቅ ያለ ነው፤ ጣለውና ለስላሳውን ለብቻው ግዛ።

የምታስቀምጠው ጥላ ውስጥ ይሁን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ፀሐይዋ ፕላስቲክ ላይ ትበረታለች። የጣሪያ ሮቶ ጥቁር የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ፕላስቲኩን ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ሙሉውን በሙሉ ላይ አትደርድር። የሞላህበትን ቀን ጻፍበት፤ በየሁለት ሳምንቱ ለልብስ እየተጠቀምክበት አዲስ ሙላ። ውሃውን ለማከም ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና በቂ ነው። ለንጹህ ውሃ በሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር 40 ጠብታ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ጠጣ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቅ።

ደቅ ላይ ውሃ አልቆባችሁ ከሐይቁ መቅዳት ግድ ከሆነ፣ ደንገሉ ውስጥ ገብተህ አትቆም። ዳር ዳሩን ብልሃርዝያ አለ፤ የሚይዘውም በቆዳ በኩል ነው። ከጀልባ ላይ ሆነህ ከጥልቁ ቅዳ። በወፍራም ነጠላ አጥልለው፤ እስኪጠል አቆየው፤ ከዚያ አፍላው። በኛ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ይበቃል። ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከሌለ በረኪናውን በእጥፍ አድርግ፤ በሊትር 4 ጠብታ። ለዚህ አንድ ጀሪካን ለይና «የሐይቅ» ብለህ ጻፍበት፤ ከሌሎቹም ጋር አታቀላቅለው። እዚያ መንደር ውስጥ ባዶ ጀሪካን ቢያውሱህ፣ ምን እንደነበረበት ሳትጠይቅ አትቅዳበት።