«አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ»

ሰላም የአምዱ አዘጋጅ፣

አንቱ ብዬ ልጀምር ነበር። የድሬ ልጅ መሆንሽን ሳውቅ ተውኩት። እዚህ አንቱ የተባለ ሰው የተቀየሙት ነው የሚመስለው።

የምኖረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 14፣ ሴቷ 13 ዓመታቸው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭንቀቴ የት ላውላቸው የሚለው ነው። እኔ ሱቅ እውላለሁ፣ አባታቸው ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው። ቤት ከዋሉ ከስልክ አይነሱም። ዘንድሮ ለታዳጊዎች የክረምት የድምፅ ስልጠና ተከፈተ ሲባል ሁለቱንም አስመዘገብኳቸው። በሳምንት 3 ቀን ነው፣ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ አሰልጣኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ከመጣ ምንም አይሰማም። ልጆቹ ቁጭ ብለው እስኪያባራ ይጠብቃሉ።

ወንዱ ልጄ ከትንሽነቱ ድምፀ መረዋ ነው። የሰፈራችን የቡሄ አውራጅ እሱ ነበር። ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ሙልሙሉም ሳንቲሙም የሚበዛላቸው በእሱ ድምፅ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በር ከፍተው ይጠብቁት ነበር። ስልጠናውን ሲጀምር «ማይኩ የኔ ነው» እያለ ነበር የሚፎክረው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ድምፁ ተለወጠ። ከፍ ሊያደርግ ሲል ስንጥቅ ይላል። አንድ ቀን ሱቅ ሆኜ እጄ ዱቄት ነክቶት ስለነበር ስልኬን እሱ አነሳልኝ። ጓደኛዬ ናት። ባሌ መስሏት «አንተ፣ መቼ ገባህ?» አለችው። «እኔ ነኝ» ሊላት ሲል ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሳቅኩ። ዕቃ ሊገዙ የቆሙትም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስልክ አያነሳም።

የባሰው የስልጠናው ነው። ጳጉሜን ላይ ትርኢት አላቸው። ልምምድ ላይ ድምፁ ሲሰነጠቅበት ልጆቹ አሾፉበት። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ወጣት ነው፣ ለልጆቹ ይለፋል። ግን «አንተ ለጊዜው አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ ድምፅ አታውጣ» አለው። ይህን የነገረችኝ እህቱ ናት። እሱ ምንም አላለኝም። አሁን ቤት ውስጥ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ቡሄ ዕለት ጅራፉን ይዞ ወጣ። አውራጁ ሌላ ልጅ ነበር። የኔው ከኋላ ቆሞ በዱላው መሬቱን ይመታል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በር ላይ ቆሜ አየሁትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

እናቴ ዓይን ነው፣ ጥሬ እንቁላል በማር አጠጪው ትላለች። አባቱ «ወንድ ሆነ በቃ፣ ዘፈን ምን ያደርግለታል» ይላል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ላስወጣው? ሄጄ አሰልጣኙን ልጣላው? ድምፁስ ይመለሳል ወይ? እህቱ እንኳን ችግር የለባትም፣ «አልተሰማሽም፣ ጮክ በይ» ብቻ ነው የምትባለው።

እናት ነኝ፣ ከሳቢያን

*

እናት ከሳቢያን፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ያ ድምፅ አይመለስም። ቡሄ ላይ በር ያስከፍት የነበረው የልጅ ድምፅ ሄዷል፣ ትንሽ ብታለቅሺለትም አልፈርድብሽም። የሚተካው ድምፅ ግን ተነስቷል፣ ገና ለገሃር አልደረሰም። ባቡር ሲዘገይ መጠበቅ ደግሞ ለድሬ ሰው ብርቅ አይደለም።

የሆነው ይሄ ነው። ልጅ ሲጎረምስ ማንቁርቱም አብሮ ይጎረምሳል። የልጅሽን አንገት በጎን እዪው፣ እብጥ ማለት ጀምሮ ይሆናል። እዚያ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ክራር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቀጭኑና አጭሩ አውታር ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ረጅሙና ወፍራሙ ዝቅ ያለ። የአዋቂ ወንድ አውታር ከ17 እስከ 25 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን። ሲያበቃ የወንድ ልጅ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ያህል፣ ማለትም ከአንዱ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ድረስ፣ ዝቅ ይላል።

ታዲያ አውታሩ ያደገው ቶሎ ነው። የሚገታው ጡንቻ ገና አልለመደውም። ልጅሽ የሚዘፍነው በአምናው ልምድ ነው፣ መሣሪያው ግን የዘንድሮ ነው። በአንድ ክረምት እግሩ የረዘመ ልጅ በገዛ ቤቱ ደፍ ሲደናቀፍ አይተሽ የለ? ስንጥቅ የሚለው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ይጀምራል። ክፉው ጊዜ ጥቂት ወራት ነው፣ ደህና አድርጎ እስኪረጋ ግን ዓመትም ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለጳጉሜን ይደርሳል ብለሽ አትጠብቂ፣ እሱንም አታስጠብቂው።

አሁን ወደ አሰልጣኙ። አትጣዪው፣ ግን ሂጂ። ሂጂ የምልሽ ምክንያት አለኝ። እኔ በሰባዎቹ፣ በልጅነቴ፣ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ተቀባይ ነበርኩ። ካኪ ለብሰን፣ ተሰልፈን። ከኋላዬ የሚቆም አንድ ረጅም ልጅ ነበር፣ ድምፁ እንደ ልጅሽ ሲሰነጠቅ አስተባባሪው ያንኑ ቃል አለው። አፍህን ብቻ። እኔም ዞሬ ሳቅኩበት። ልጁ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ተሰለፈ፣ አፉን እያንቀሳቀሰ። ከስንት ዓመት በኋላ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ ስንጠጣ ድምፁ እንደ ከበሮ ወፍራም ሆኖ አገኘሁት። «ዝፈንልኝ» ስለው «እኔ እኮ መዝፈን አልችልም» አለኝ። አልሳቀም ሲለኝ። አቦ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ልጅሽ ዝም እንዲል መደረግ የለበትም። በዚህ ዕድሜ በለሆሳስ መዝፈን አይጎዳም። የሚጎዳው የድሮውን ከፍታ በግድ ልድረስ ማለትና መጮህ ነው። ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ አዲሱን ድምፅ የሚያውቅበት ጊዜ ያልፈዋል። ሹክሹክታውንም ያቁም። ድምፁን ያሳረፈ ይመስለዋል እንጂ ማንሾካሾክ ጉሮሮን ያደክማል።

አሰልጣኙን ስታገኚው «ለምን እንዲህ አልከው» ብለሽ አትጀምሪ፣ ወዲያው ይከላከላል። ሠላሳ ልጅ በአንድ ኪቦርድ የሚያስተምር ሰው መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ቢባል አይበዛበትም። ከዚያ ይህን ጠይቂው። ልጁ አሁን ሳይጨነቅ የሚያወጣቸው ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ ኪቦርዱ ላይ ይፈልግለት። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይንካለት፣ ልጁ «ኡ» እያለ ይከተል፣ ስንጥቅ የሚልበት ላይ ይቁም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌሎቹ ልጆች ባሉበት ግን አይሁን።

እና ይሄን ልንገርሽ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ልጅ የሚቀሩለት ድምፆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፈረንጅ ሰባት ድምፅ ይፈልግ ይሆናል። የእኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው የቆሙት በአምስት ድምፅ ነው። ልጅሽ ከሚያወጣቸው ድምፆች ውስጥ የአንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች ከተገኙለት ያ ቅኝት በእጁ አለ ማለት ነው። አሰልጣኙ የዘፈኑን መነሻ ከፍታ (ኪዩን) ወደዚያ ያውርድለት። ኪቦርዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ አለ፣ እሱን ሁለቴ ሦስቴ መጫን ነው። ለሠላሳው ሁሉ ማውረድ አይሆንም ካለ ልጁ ተቀባዮቹ ውስጥ ይቁምና ያንኑ ዜማ ከታች፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይያዝ። የማይደርስበት ቦታ ሲመጣ ያቺን ትቶ ቀጣዩዋ ላይ ይግባ። ተሰብሳቢው አያውቅበትም። እንዲያውም ከቀጫጭን ድምፆች ሥር አንድ ወፍራም ሲገባ ዘፈኑ መሬት ይይዛል።

ማይኩንስ? ዘንድሮ ይቅርበት። ይህን በግልጽ ንገሪው፣ አታባብዪው። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሲያባብሉት ያውቃል።

ቤት ውስጥ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አፉን ዘግቶ ያንጎራጉር። ልጆች መኪና ሲነዱ በከንፈራቸው የሚያሰሙት «ብርርር» አለ አይደል? እሱን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ያድርግ። አስቂኝ ነው፣ ግን ድምፅ የሚያሟሙቁ ዘፋኞች የሚሠሩት ነው። ውሃ ይጠጣ፣ በእኛ ሙቀት ጉሮሮ ቶሎ ይደርቃል። ቡና ስታፈዪ ዕጣኑ ሲበዛ ከጭሱ ራቅ ይበል።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማሩን ይቅመስ፣ ለሚከረክር ጉሮሮ ደስ ይላል። ጥሬ እንቁላሉን ለዶሮዋ ተዪላት። የሚዋጥ ነገር የሚሄደው በምግብ ቧንቧ ነው፣ የድምፅ አውታሩን አይነካውም። ቢነካውማ ትን ይለው ነበር።

ባልሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዓሊ ቢራ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ የገባው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ፣ ልክ በልጅሽ ዕድሜ አካባቢ ነበር። በ2015 ጥቅምት እስኪያርፍ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሌሎችም ቋንቋዎች ዘፈነ። ባልሽ ሹፌር ከሆነ መኪናው ውስጥ አንድ ሁለቱ አይጠፉም። «ይሄ ሰውዬ ወንድ ሲሆን ለምን አላቆመም?» በዪው። መልሱን ለኔም ጻፊልኝ።

ሐኪም ቤት አሁን አያስኬድም። ሲውጥ ካመመው፣ ደም ካየ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ድምፁ ለሳምንታት ጨርሶ ከተዘጋ ግን አንገት በላይ ሐኪም አሳዪው።

አሁን ወደ ሴት ልጅሽ፣ በአንዲት መስመር ወዳለፍሻት። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነብ ያቆመኝ እሷ ናት። 13 ዓመቷ ነው፣ «አልተሰማሽም» ትባላለች። የሴት ልጅም ድምፅ በዚህ ዕድሜ ይለወጣል። ዝቅ የሚለው ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፣ ስንጥቅም ላይል ይችላል። ግን አውታሮቹ ሲያድጉ ለጊዜው ከኋላ በኩል አጥብቀው ላይዘጉ ይችላሉ፣ በዚያች ክፍተት አየር ያመልጣል። ድምፅዋ ነፋስ ነፋስ የሚል፣ የሚያፈተልክ ይሆናል። አምና እንዲህ ነበረች? ካልነበረች «ጮክ በይ» ማለት አንገቷን እንድታንቅ ማድረግ ነው። ፊት ለፊት፣ ማይኩ አጠገብ ትቁም፣ በቃ። አሰልጣኙ ጋ ስትሄጂ የሁለቱንም ጉዳይ አንድ ላይ አንሺ። ወንድሟ፣ የሳቁበት እሱ ላይ ብቻ ቢሆንም ድምፁ የተለወጠው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ቢሰማ ደስ ይለዋል። ከቻልሽ ከእሷ አፍ ይስማው።

ስለ ስልኩ ደግሞ። ሳቅሽ፣ ይቅርታ ጠይቂው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፣ ዕቃ ስትደረድሩ ጎን ለጎን ሆናችሁ «የዚያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም» በዪውና ዝም በይ። ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል። ይሂድ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ስልክሽ ሲጠራ እጅሽን ዱቄት ውስጥ ክተቺና «አንሳልኝ» በዪው። ለጓደኛሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ማንም ያንሳው ማን በስሙ ትጥራው።