የቤት ሰርቨርና የኢንተርኔት ስልክ፦ የምትፈልጉትን ጠይቁ

ሳሎኔ ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ይሠራል። በውስጡ አምስት ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ) አሉ። አንዱ የቤታችን የስልክ ማዞሪያ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ሊቅ ነኝ አልልም፤ ብዙ አበላሽቼ ያስተካከልኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ለመጀመር ምን ዓይነት ሰርቨር ልግዛ?

አትግዛ። ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ካለህ እሱ ይበቃል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር) ውስጥ ገብተህ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ብቻ ክፈት፤ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። 8 ጊጋባይት ራም ለመማር ይሆናል፣ 16 ከሆነ ትዝናናለህ። ሃርድ ዲስኩን ግን በኤስኤስዲ ቀይረው። አምስት ማሽን አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ሲሻማ ማየት ያማል። ትልቁን የዳታ ሴንተር ሰርቨር በርካሽ አገኘሁ ብለህ እንዳትሸከመው። ጩኸቱ እንቅልፍ ያሳጣሃል፣ የመብራት ቆጣሪህንም ያስሮጠዋል።

ጥያቄ፦ ቪኤምዌር ይሻላል ፕሮክስሞክስ?

ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬዱ ሶፍትዌሮች ናቸው። ለቤት ፕሮክስሞክስ። ዴቢያን በሚባል ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ በነፃ ይገኛል፣ በብራውዘር ታዘዋለህ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከገዛ በኋላ ኢኤስኤክስአይ የሚባለው ነፃ ስሪቱ በ2024 ተቋረጠ፣ በ2025 ደግሞ ተመለሰ። በሰው ፍላጎት በሚበራና በሚጠፋ ነገር ላይ ቤቴን አልሠራም። መሥሪያ ቤትህ ቪኤምዌር ከሆነ ግን ተማረው፣ እንጀራ ነው።

ጥያቄ፦ ማዞሪያውን በኮንቴነር (ከዋናው ሲስተም ጋር በሚጋራ ቀለል ያለ ክፍል) ላድርገው ወይስ ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን?

ሙሉ ማሽን። አስተሪስክን (የማዞሪያውን ሶፍትዌር) ከፍሪፒቢኤክስ (በብራውዘር ከሚያስተካክለው) ጋር ብትጭን ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ኮርና 2 ጊጋባይት ራም ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል። ውጭ ያለው ወንድሜ ይሰማኛል፣ እኔ ግን አልሰማውም። ሦስት ቀን ታገልኩ።

አይዞህ፣ ይህን ያላየ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲፕ የሚባለው ደላላ ነው። ሁለቱን ሰዎች ያገናኛል፣ አድራሻ ያቀባብላል። ድምፁ ግን የሚሄደው አርቲፒ በሚባል በሌላ መንገድ ነው። ደላላው የተሳሳተ አድራሻ ከሰጠ ስልኩ ይጠራል፣ ድምፁ ግን መንገድ ይስታል።

ማዞሪያህ ላይ ኤስኤን-ግሬፕ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈትና ደውል። ጥሪውን ምረጥና መልእክቱን አንብበው። ታች ላይ «ድምፁን ወደዚህ ላኩ» የሚል አድራሻ ታገኛለህ። እዚያ 192.168.1.50 ተጽፎ ካየህ ጥፋተኛው እሱ ነው። ያ የቤትህ የውስጥ አድራሻ ነው። የወንድምህ ስልክ ድምፁን ወደ 192.168.1.50 ይልካል። እሱ ቤት ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያ ቁጥር ምናልባት የፕሪንተሩ ይሆናል። ወንድምህ ለፕሪንተሩ እያወራ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው፦ ማዞሪያው ላይ የውጭ አድራሻህንና የውስጥ ኔትወርክህን ለይተህ ጻፍለት። ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚል ካለ አጥፋው፤ ሊረዳ ገብቶ አድራሻውን የሚያበላሽ እሱ ነው። ለድምፁ ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን የዩዲፒ ፖርቶች (የኔትወርክ በሮች) ወደ ማዞሪያው አሳልፍ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ራውተርህ የተሰጠውን አድራሻ እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አድራሻውን ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራለህ፤ ፖርት ብትከፍትም ከውጭ ማንም ሊያገኝህ አይችልም።

እኔ በመጨረሻ ሁሉንም ትቼ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የግል ዋሻ) ዘረጋሁ። የውጭ ስልኮች መጀመሪያ ዋየርጋርድ በሚባል ቪፒኤን ወደ ቤቴ ኔትወርክ ይገባሉ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም የቤት ስልክ ይደውላሉ። አድራሻህ የጋራ ከሆነ ደግሞ ቴይልስኬል የሚባለው ቪፒኤን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው። ይችለዋል?

ፍጥነቱ አያሳስብህ። ጂ.711 በሚባለው ድምፅን ወደ ዳታ መቀየሪያ ዘዴ አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው በሴኮንድ 87 ኪሎቢት አካባቢ ነው የሚወስደው። ጂ.729 የሚባለው ሌላው ዘዴ ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ያሳንሰዋል። የሚገርመው እዚህ ጋ ነው፦ በእያንዳንዱ ፓኬት (ድምፁ ተቆራርጦ በሚላክበት ጥቅል) ውስጥ ድምፁ 20 ባይት፣ የተጠቀለለበት አድራሻ 40 ባይት ነው። ፖስታው ከደብዳቤው ይከብዳል። ጥሪ የሚያበላሸው የፓኬቶቹ መቆራረጥና መዘግየት ነው። ልጆቹ ቪዲዮ ሲከፍቱ ድምፅህ ከተቆራረጠ ራውተሩ ላይ ለስልኩ ቅድሚያ ስጠው።

ጥያቄ፦ ሲፕ የሚጠቀምበትን ፖርት 5060ን ብከፍት ምን ይደርስብኛል?

የደረሰብኝን ልንገርህ። ለሙከራ አንድ ሌሊት ከፈትኩት። ለሙከራ ብዬ የፈጠርኩት ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ ቁጥር) 200 ነበር፣ ፓስወርዱም 200። ጠዋት ስነሳ የጥሪ ዝርዝሩ በማላውቃቸው አገሮች ቁጥር ተሞልቷል። ለኢንተርኔት ስልክ አቅራቢው በቅድሚያ የከፈልኩት 20 ዶላር አልቋል። ክፍት በር የሚፈልጉ የሌቦች ፕሮግራሞች ቀን ከሌሊት ኢንተርኔቱን ያስሳሉ። በር ሲያገኙ በደቂቃ ብዙ ወደሚያስከፍሉ ቁጥሮች ይደውላሉ፣ ሌቦቹም ገቢውን ይካፈላሉ።

ከድጡ ወደ ማጡ የሆነው ቀጥሎ ነው። ደንግጬ ማሽኑን ወደ ትናንቱ ስናፕሾት (የተቀመጠ የማሽኑ ሁኔታ) መለስኩት። ማሽኑ ንጹሕ ሆነ፤ ማን እንዴት እንደገባ የሚያሳየው መዝገብም አብሮ ጠፋ። መጀመሪያ መዝገቡን ገልብጥ፣ ከዚያ መልስ። ደግሞ ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

አሁን ፓስወርዶቼ ረጃጅም ናቸው። የውጭ አገር ጥሪ ዝግ ነው። ሂሳቡም ሲያልቅ በራሱ አይሞላም። ያን ሌሊት ያዳነኝም ይኸው ነው፤ ከ20 ዶላር በላይ የሚወስዱት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እናቴ አዲስ አበባ ናት። 102 ብላ ብቻ እንድታገኘኝ እፈልጋለሁ።

ይቻላል እህቴ። ማዞሪያውን አንቺ ቤት አስቀምጪው። እናትሽ ስልክ ላይ ሊንፎን የሚባለውን መተግበሪያ ጫኚና አንድ ኤክስቴንሽን ስጫት። ስምሽን አስገብተሽ ፎቶሽን ለጥፊበት፤ ቁጥር መጫንም አይኖርባትም። 911 ግን በዚህ መሥመር ለመደወል አትመኪ። አድራሻሽ በትክክል ካልተመዘገበ አምቡላንሱ የት ይመጣል?

ካነሳሽው አንድ ማሳሰቢያ። ሲም ካርድ የሚጎርስ መሣሪያ አዲስ አበባ አስቀምጠሽ የውጭ ጥሪ በአገር ውስጥ ዋጋ ላስገባ እንዳትዪ። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል፣ የእስራት ቅጣት አለው። ዕቃ ይዘሽ ከመግባትሽ በፊትም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ዱባይ ነኝ።

በቤትህ ውስጥ ብቻ ተማርበት፣ ከክፍል ወደ ክፍል ደውል። ከዚያ ውጭ እዚያ የሚፈቀዱት የተወሰኑ መተግበሪያዎች ናቸው። ገደቡን በቪፒኤን ልለፍ ማለት ደግሞ ራስን ለከባድ ቅጣት ማጋለጥ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንም ዩፒኤስ ላይ ሰካው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። ፕሮክስሞክስ ላይ ማሽኖቹ በራሳቸው እንዲነሱ አድርግ፣ ባዮስ ላይም መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንዲበራ አዘው። አለበለዚያ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ጭጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ አያቴ የተዉት በጣት የሚዞር ስልክ አለኝ። ይሠራል?

ይሠራል! የድሮ ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ኤቲኤ የምትባል ትንሽ ሳጥን ያስፈልግሃል። ኤፍኤክስኤስ የሚል ቀዳዳ ያለው ግዛ፤ ኤፍኤክስኦ ሌላ ነው። ሁሉም ሳጥን የዙሩን ምት አይረዳም፣ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። የእኔው ኮሪደሩ ላይ ነው። ደወሉ እውነተኛ ብረት ስለሆነ ጎረቤት ይሰማዋል። 100 ለመደወል ዜሮን ሁለት ጊዜ ዳር ድረስ ወስደህ መዞሪያው እስኪመለስ ትጠብቃለህ። ልጄ መጀመሪያ ቀን ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከትታ እንደ ቁልፍ ተጫነችው፣ ከዚያ «ባባ፣ ተሰብሯል» አለችኝ።