ሹካው ስለላላ ሙያህን አትተው

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። 12ኛ ክፍል ጨርሰህ፣ በካርቶን የሚመጡ ሳይክሎች የሚገጣጠሙበት ሱቅ ከገባህ ሦስት ወርህ ነው። የገጠምከው ሳይክል ተመልሶ መጣብህ። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ላልቷል፣ ፍሬን ሲያዝ ቋ ቋ ይላል። ዳዶውን ባለ በሌለ ኃይልህ አጠበቅከው፤ በማግስቱ መልሶ ላላ። አሠሪህ ተቆጡ። አሁን «ሥራው ለኔ አይሆንም መሰለኝ፣ ልተወው?» ትለኛለህ።

አትተወው። ጉልበትም አላነሰህም፤ ያጣኸው አጠገብህ ሆኖ የሚያሳይህን ሰው ነው።

መጀመሪያ የላላው የቱ እንደሆነ ለይ። የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዘው። በሌላው እጅህ ሹካውና ፍሬሙ የሚጋጠሙበትን ቦታ ያዝ። እዚያ ጋ ንቅንቅታ ከተሰማህ ችግሩ የመሪው ኩሽኔታ ላይ ነው። ካልተሰማህ የጎማውን መሐል ፈትሽ።

ያንተው ሳይክል መሪው ሥር ባለ ሁለት ዳዶ ነው ብለሃል። የሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው። የታችኛው ኩሽኔታውን ይጫናል፣ የላይኛው ደግሞ የታችኛው እንዳይዞር ይቆልፋል። አንተ የታገልከው ከቆላፊው ጋር ብቻ ነው። የላይኛውን ፍታ። የታችኛውን ንቅንቅታው እስኪጠፋ ቀስ እያልክ አጥብቅ። ከዚያ የታችኛውን በአንድ ቁልፍ ይዘህ የላይኛውን በሌላ ቁልፍ ቆልፍ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ የታችኛው ካልተያዘ አብሮ ይዞራል፣ ልኩም ይጠፋል። ስትጨርስ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳው። መሪው በራሱ ክብደት ወደ ግራም ወደ ቀኝም መውደቅ አለበት። ከከበደ አብዝተሃል፣ ትንሽ መልስለት። አሁንም ከሻከረ ፍታውና እይ፤ የኩሽኔታው ቀለበት ተገልብጦ ገብቶ ወይም ግሪስ አንሶት ይሆናል።

ከላይ ዳዶ የሌላቸው አዳዲሶቹ ሌላ ናቸው። የመሪውን ማያዣ የጎን ብሎኖች ሳታላላ የላዩን ብሎን ብታጠብቅ ዋጋ የለውም። ጎኑን አላላ፣ በላዩ ልኩን አምጣ፣ ከዚያ ጎኑን አጥብቅ። ሹካውን የሚይዙት የጎኖቹ ናቸው።

ይህን ያህል የማሰፋው ለምን መሰለህ? ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ያንን በላላ ሹካ የሚወርድ ልጅ ሳስብ ይጨንቀኛል። አንተም የተጨነቅከው ስለገባህ ነው፤ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለዚህ ሥራ ይሆናል።

እውቀቱ ደግሞ ሳይክል ላይ አይቀርም። ሞተር ሳይክልም መሪው ሥር ኩሽኔታና ማስተካከያ ዳዶ አለው፣ ልኩም በዚሁ ስሜት ይገኛል። ወደፊት ወደዚያ ማደግ ትችላለህ። ሙያን ሥራ ላይ የተማረ ሰውም ለብቃት ምዘና፣ ለሲኦሲ፣ መቅረብ ይችላል። ከተማህ ያለው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደህ ለአንተ የሚስማማው የትኛው ደረጃ እንደሆነና የማታ ትምህርት እንዳለ ጠይቅ።

ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት አሠሪህን «ጋሼ፣ ያጠበቅኩት ቆላፊውን ብቻ ነበር፤ ሳይክሉን ይስጡኝ፣ እርስዎ እያዩ ላስተካክለው» በላቸው።