ያጨበጨቡት ሁሉ ለምን አልመጡም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሳችንን ታሪክ መልሼ ያየሁ መሰለኝ። የሴቶች ዕድራችሁ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዞ ስለ ማሕፀን በር እና ስለ ጡት ካንሰር አንድ ሰዓት ሙሉ ትምህርት ተሰጠ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ለምርመራ የሄዱት ግን አራት ብቻ ናቸው፤ ከባለሙያዎቹ ጋር እንዴት ብንሠራ ይሻላል ነው ያልሽው። እኔ በሰሜን ሸዋ ባለች ትንሽ ከተማ የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ከእናንተ የባሰ ገጥሞናል።

እኛ በመጀመሪያው ዓመት 17 ሴቶች አሰልፈን ላክን። ምርመራውን የሠለጠነችው አዋላጅ ነርስ አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም በዚያ ሳምንት ለሌላ ሥልጠና ወጥታለች። በሩ ላይ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ተባሉ። አንዲት ሴት ለዚህ ጉዳይ ገላዋን ታጥባ፣ ልጅ ለጎረቤት ሰጥታ፣ ለባሏ ሰበብ ፈጥራ ነው የምትወጣው። በቀጣዩ ወር የተመለሱት ሦስት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያዎቹን ለትምህርት መጋበዝ ትተን አብረናቸው ቁጭ ያልነው። አዋላጇ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና እኛ ሁለት ሴቶች ነበርን። የተነጋገርነው ስለ ቀን፣ ስለ ዕቃና ስለ ሰው ነው። የምርመራው ቀን በየወሩ 21 እንዲሆን ተስማማን፤ ማርያም ስለሆነ እርሻ የሚወጣ የለም። አዋላጇ በቀን ከስምንት ሴት በላይ አትላኩ አለች፤ ቀቅላ የምታዘጋጀው መሣሪያ ከዚያ አያልፍም። እሷ የማትገኝ ከሆነ ደግሞ ከዋዜማው ስልክ ልትደውልልን ቃል ገባች። ይህች የስልክ ጥሪ ከአንድ ሰዓት ትምህርት በላይ ጠቅማናለች።

ባለሙያዎቹም ከእኛ የሚሰሙት ነገር አለ። በምርመራው የማሕፀን በር ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተለወጠው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። አዋላጇ በትምህርቱ ላይ «አሲድ» ባለች ቁጥር ሴቶቹ የሚታያቸው ፊት የሚያቃጥለው አሲድ ነበር! ይህን ጠላ ከምትሸጥ ጎረቤቴ ሰምቼ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደነገጠች። በሚቀጥለው ስብሰባ ጠርሙሱን ይዛ መጥታ በየተራ አሸተተችን። «ኮምጣጤ ነው እንዴ!» አለች አንዷ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ያን ጊዜ 46 ዓመቴ ነበር፣ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። አዋላጇ መሣሪያውን ለብ ባለ ውኃ አሙቃ እጄ ላይ አስነካችኝ፤ ከዚያ «እግርሽን አላላው፣ ተንፍሺ» አለችኝ። ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ተሰማኝ፤ እሷ ሰዓቷን እያየች ደቂቃዋን ስትጠብቅ እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን የሸረሪት ድር አየሁ። ወጥቼ የሸረሪት ድሩን ጭምር ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከባለሙያ አፍ አይሰማም።

ባሎችን አትርሱ። ነጭ ነገር ከታየ በዚያው ቀን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ በሚሠራ መሣሪያ ማከም ይቻላል፣ ግን ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፣ ለአንድ ወር ያህልም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ሁለት ሴቶች «ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» ብለው ሳይታከሙ ወጡ። ጤና መኮንኑ ወደ ወንዶቹ ዕድር ሄዶ ወንድ ለወንድ አስረዳቸው፤ ከሁለቱ አንዷን ባሏ ራሱ ይዟት መጣ። ሌላዋ እስካሁን አልመጣችም።

አንድ ጥፋት ደግሞ የራሳችን ነው። እኔ ቀሪ እንደምጠራ አስተማሪ የተመረመሩትንና የቀሩትን በስም በስብሰባ አነበብኩ። አዋላጇ ለብቻዬ ጠርታ ገሠጸችኝ፣ ልክ ነበረች። አሁን ውጤት የሚጻፈው በእሷ መዝገብ ብቻ ነው። እኛ የምንይዘው ወደ ሆስፒታል ሪፈር የተባለችና እርዳታ ለመጠየቅ የፈቀደች ሴትን ጉዳይ ነው፦ ደርሳለች ወይ፣ ናሙና ተሰጥቷል ወይ፣ ውጤቱን ማን ያመጣል። የትራንስፖርቱን ከዕድሩ እናወጣለን፣ አንዲት ሴትም አብራ ትሄዳለች።

ዕድሜ ነገሩን ያወሳስበዋል። የማሕፀን በር ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በኮምጣጤው ማየት አስቸጋሪ ነው። ይህን ሳናስረዳ አሮጊቶቹን መለስናቸውና ተቀየሙን። አዋላጇ ግን መስመሩን አሰመረችልን፦ ጤነኛ ሆና ለመመርመር የመጣች ሴት ዕድሜዋ ይጠየቃል፣ ምልክት ያላት ሴት ግን ዕድሜዋ ምንም ይሁን ትታያለች። ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጡት ላይ የወጣ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። በእብጠት የምንሸወደው ስለማያመን ነው፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ይዛ የመጣች ሴት በ60 ቀን ውስጥ የጡት ካንሰር ይኑርባት አይኑርባት ሊታወቅ ይገባል ይላል፤ እኛም ደብተራችን ላይ ቀን የምንቆጥረው በዚያ ነው።

ከመለስናቸው አሮጊቶች አንዷ ወደ ቤቷ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር ብላ በጆሮዬ «እኔ እኮ ደም እያየሁ ነው» ብላኝ ነበር። እጇን ይዤ ተመልሰን ገባን። እሷን ከሆስፒታል ናሙና ሰጥታ ውጤቷ እስኪመጣ 41 ቀን ቆጠርንላት።