ብሩን ሳይሆን ሥልጠናውን ጠይቁ

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። ቡሬ ላይ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር አለን፣ አባሎቻችንን በሶላር ተከላና በኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ማሠልጠን እንፈልጋለን፣ የመንግሥት በጀት እንዴት እናግኝ ነው ያልከው። እዚህ ጎጃም ውስጥ ለማኅበራት እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ሳዘጋጅ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

በቅድሚያ፣ ገንዘቡ በማኅበራችሁ የባንክ ሒሳብ ይገባል ብላችሁ አትጠብቁ። የሥልጠና በጀት የሚያዘው ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው። "ይህን ያህል ብር ይመደብልን" የሚል ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። "እነዚህን አባሎቻችንን በአጫጭር ሥልጠና ያዙልን" የሚል ደብዳቤ ግን ባለቤት አለው። የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያየዋል፣ ኮሌጁም ሠልጣኝ ስለሚፈልግ በሩን አይዘጋባችሁም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን ቀድሞ በበጋው ነው የሚሠራው። ሰኔ ላይ ብትሄዱ "ለከርሞ" ትባላላችሁ። እኔ ብሆን ጥር ላይ ደብዳቤዬን አስገባ ነበር፣ ያውም መዝገብ ቤት ገቢ አድርጌ ቁጥሩን ይዤ።

ማመልከቻው ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሁለት ገጽ አትጻፉ። ኃላፊው ማወቅ የሚፈልገው ሠልጥነው የት ይሠራሉ የሚለውን ነው። ለዚህ ደግሞ በቂ መልስ አላችሁ። በ2016 መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው፣ የሚጠግነው ሰው ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙም የለም። ጣና ዙሪያ በነዳጅ ሞተር ውኃ ስቦ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ሞልቷል፣ ነዳጅ ሲጠፋና ሲወደድ የሶላር ፓምፕ ተካይ ይፈልጋል። ከአንድ ጋራዥ ወይም ከአንድ የመስኖ ማኅበር "እነዚህ ልጆች ከሠለጠኑ እናሠራቸዋለን" የሚል ወረቀት ካያያዛችሁ ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ችግር የምለው ላይ ልምጣ፣ እሱም ፈረቃ ነው። የሥልጠናው ኮታ ተገኝቶ፣ ስም ዝርዝሩ ጸድቆ፣ ሠራተኛው ግን በሁለተኛው ሳምንት ሲቀር አይቻለሁ። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው ጠዋት ወርክሾፕ ውስጥ ሽቦ እየለየ መቆም አይችልም። ቀን ፈረቃ ያለው ደግሞ ከሥራ ቀርቶ ደመወዙ ቢቆረጥ ልጆቹን ምን ያበላል? ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ከአሠሪው ጋር ተቀመጡ። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው ኅብረት ስምምነት የሚታደስበት ጊዜ ከደረሰ የሥልጠና ፈቃድ ከነደመወዙ እንዲገባበት ተደራደሩ፣ ካልደረሰ ቢያንስ የፈረቃ ለውጥ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ የፈረቃ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ኮሌጁንም የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ጠይቁት፣ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ደግሞ ሩቅ ካለው ትልቅ ኮሌጅ ቅርብ ያለው ይሻላል።

የብቃት ምዘናውንም አትርሱ። ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት፣ ያልያዘ ሠልጣኝ ሌላ ቦታ ሲወዳደር ይቸገራል፣ ስለዚህ የምዘናው ክፍያ በማን እንደሚሸፈን ከመጀመሪያው በደብዳቤው ይግባ። የማኅበሩን የምዝገባ የምስክር ወረቀትና የጠቅላላ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ኮፒ አያይዙ፣ ሴት አባሎቻችሁንም በዝርዝሩ አስቀድሙ፤ ማሸጊያ ክፍል የሚሠሩት እህቶች ከማንም በላይ ሌላ ሙያ ያስፈልጋቸዋል።

የፈረቃ ሰዓታችሁንና አባሎቻችሁ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማሩ ጻፍልኝና ማመልከቻውን አብረን እናርቅቀው።